ነጠላውን ማን ቋጨው?

በየዕለቱ ዜና ላይ «ድርድሩ ተቋጨ»፣ «ጉዳዩ መቋጫ አላገኘም» እንላለን። እኔም ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ቃሉ ግን የቢሮ ቃል አይደለም፤ የሸማ ቃል ነው። መቋጨት ማለት የነጠላን ወይም የጋቢን ጫፍ ክር እየገመዱ መቋጠር ነው። ዛሬ «የኢኮኖሚ ዘርፍ» የምንለው ዘርፍም ከጨርቅ ጫፍ የሚንጠለጠለው ክር ስም ነው።

ሸማኔው ጨርቁን ከመሸመኛው ሲያወርድ በሁለቱም ጫፍ ማግ ያልገባበት ድር ይተርፋል። እንዲሁ ከተተወ ማጉ ከዳር እየተተረተረ ይሄዳል። ስለዚህ ክሩ በትንሽ በትንሹ ይከፈላል። ሁለት ክፋይ ወደ አንድ አቅጣጫ ይከረራል፣ ከዚያ አንድ ላይ ሆኖ ወደ ተቃራኒው ይገመዳል፣ ጫፉ ይቋጠራል። ሁለቱ ለመፈታት ሲታገሉ እርስ በርስ ስለሚተሳሰሩ ሳይላሉ ይቆያሉ። እኛ ጌጥ የምንለው ዘርፍ ጨርቁን ጠባቂ ነው።

ይህን ሸማ ለብሰን ቤተ ክርስቲያን ሳምን፣ ለቅሶ ደረስን፣ ልጅ ዳርን። ሠሪውን ግን ናቅነው። ሸማኔ «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። ነገሩ ቤተ መንግሥት ደርሶ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ስድብ በአዋጅ እስኪከለከል ድረስ መሄዱ ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ይናገራል።

ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች፣ በተለይ ዶርዜዎች፣ አዲስ አበባ ላይ ሰፍረው ሽሮ ሜዳን ሸማ መንደር አደረጉት። ከተማው ግን «ዶርዜ» የሚለውን የሕዝብ ስም ራሱን አንዳንዴ እንደ ስድብ ተጠቀመበት። ከዚያው አካባቢ የመጡ ሕፃናት ከትምህርት ርቀው በሽመና ቤቶች ረጅም ሰዓት ሲሠሩ መኖራቸውም በተደጋጋሚ ተዘግቧል። በምንለብሰው ነጭ ነጠላ ውስጥ የእነሱም ጉልበት አለ።

አሁን የሁላችንም ጣት ከውጭ ወደሚገባው፣ ጥለቱ በፋብሪካ ወደታተመው «የሐበሻ ልብስ» ተቀስሯል። ቅሬታው እውነት አለው። የውጭ ጨርቅ ግን አዲስ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአሜሪካ አቡጀዲ ገበያውን ሞልቶት ነበር፤ ሸማ ግን አልጠፋም። ልዩነቱ አቡጀዲ በአቡጀዲነቱ መሸጡ ነው። የዛሬው የሸማኔውን ጥለት ኮርጆ፣ በሸማኔው ስም፣ ከሸማኔው ባነሰ ዋጋ ይቀርባል።

ይሁንና ጥፋቱን ሁሉ በፋብሪካው ላይ መጣል ራስን ማታለል ይመስለኛል። በእጅ የተሠራውን ይዘን «ይሄ ለክር?» እያልን ዋጋ የምንሰብረው እኛው ነን። ሻጩ የቀነሰልንን ከሸማኔው ላይ ይቀንሳል፤ ሸማኔው ደግሞ ከፈታይዋና ከቋጪው ላይ። አዋጅ ስድብን ይከለክላል እንጂ የድካም ዋጋ አይተምንም። ያንን የሚተምነው ገዢው ነው።

ለመጪው በዓል ነጠላ ስትገዙ ጥለቱን ብቻ አትዩ። ጫፉን ያዙት፣ ዘርፉን በጣታችሁ ዳብሱት። ከዚያ ማን እንደቋጨውና ስንት እንደተከፈለው ጠይቁ። ሻጩ መልስ ባይኖረው እንኳ፣ ጥያቄው ሲደጋገምበት መልስ መፈለጉ አይቀርም።