ጣራ የሌለው ቤተ መዘክር

በቻይና አገር ሼንዠን በምትባለው ከተማ በ1982 ዓመተ ምሕረት ጣራ የሌለው አንድ ታላቅ ቤተ መዘክር ተከፈተ። በዚያ ታላቁ ግንብ፥ የቤጂንግ ነገሥታት ግቢና በላሳ ያለው የፖታላ ሕንፃ በትንንሹ ተሠርተው በአንድ ሜዳ ላይ ይታያሉ፤ ብዙዎቹም ከዋናው ዐሥራ አምስተኛውን እጅ ያህላሉ። ተመልካች በእግሩ እየዞረ የዚያን ሕዝብ ታሪክና የሕንፃ ጥበብ ይማራል። በአሜሪካ፥ በፍሎሪዳ አገርም አምሳያው በ1986 ተከፍቶ ነበር፤ ነገር ግን በ1996 ተዘጋ፥ ኋላም ፈረሰ።

አዲስ አበባ የዚህን ዐይነት ቤተ መዘክር ለማግኘት ቤትን በትንሹ መሥራት አያስፈልጋትም፤ በአዲስ ከተማ መርካቶ አለላትና። የዚህም ቤቶች ሙሉ ቁመት አላቸው፤ ጠባቂ ብቻ የላቸውም።

ከጠላት ወረራ አስቀድሞ የከተማይቱ ዋና ገበያ በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበረ። አርመኑ፥ ግሪኩ፥ ህንዱና ዓረቡ ሱቁን በዚያ አካባቢ ከፍቶ ሲነግድ፥ ባላገሩም እህሉንና በርበሬውን ጭኖ ወደዚያው ይመጣ ነበር። በ1928 የገባው የኢጣልያ መንግሥት ግን የኢጣልያኖችን ሰፈር ከሐበሻው ሰፈር የሚለይ ፕላን አወጣ፤ የሐበሻውንም ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውሮ፥ ቦታውን በቀጥታ መንገዶች ከፋፍሎ «መርካቶ ኢንዲጄኖ» አለው፤ የአገር ተወላጆች ገበያ ማለት ነው። አገሬው በገዛ አገሩ በአንድ ወገን እንዲከለል የተሰጠ ስም ነው። ጠላት በ1933 ከተማይቱን ከለቀቀ በኋላ «ኢንዲጄኖ» የሚለው ቃል ከሰው አፍ ጠፋ፤ «መርካቶ» የሚለው ግን ዐማርኛ ሆኖ ቀረ።

በቤተ መዘክር በየዕቃው ላይ ጽሕፈት ይለጠፋል፤ በመርካቶ ጽሕፈቱ የየቦታው ስም ነው። ሸማ ተራ፥ ቆርቆሮ ተራ ሲባል ነጋዴው በየዕቃው ዐይነት በመስመር መቀመጡን ይናገራል። ጎጃም በረንዳና በርበሬ በረንዳ ደግሞ ስለ ቤቱ አሠራር ይመሰክራሉ፤ በረንዳ ከሱቁ ፊት የወጣ፥ በምሰሶ የተደገፈ ጥላ ነውና፥ ከሩቅ የመጣ ሰው ጭነቱን አውርዶ ከዝናም ይጠለልበታል። ከባዕድ የመጣ ቃል እንዲህ ለእንግዳ ማረፊያ ስም መሆኑ ደስ ያሰኛል። በሼንዠን በሕንፃዎቹ አጠገብ የሸክላ ሰዎች ቆመዋል፤ በምናለሽ ተራ ግን አሮጌውን ጣሳ የሚቀጠቅጠው ሕያው ሰው ነው፥ የመዶሻውም ድምፅ ከሩቅ ይሰማል።

የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድም በዚሁ ገበያ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ከአንዱ ደጅ ሆኖ ሌላውን ማየት ይቻላል።

አሮጌዎቹ ሱቆች እየፈረሱ በቦታቸው የመስታወት ፎቆች ቆመዋል። ነጋዴ ሰፊ ቤት መሻቱ አያስነቅፍም፤ የሚያሳዝነው ሥዕሉ ሳይነሣ፥ ልኩ ሳይጻፍ የሚፈርሰው ቤት ነው። በጥቅምት ወር 2017 በሸማ ተራ በምሽት እሳት ተነሥቶ ብዙ ሱቆች ወደሙ። ቤቱ ሲቃጠል ስሙ አልተቃጠለም፤ ሰዉ ዛሬም ቦታውን ሸማ ተራ ይለዋል።