ቦይስ ታውን፦ በኔብራስካ ሜዳ ላይ የተቆረቆረ የልጆች መንደር

ቦይስ ታውን በአሜሪካ ኔብራስካ ግዛት፣ ከኦማሃ ከተማ በስተ ምዕራብ የሚገኝ፣ በቤታቸው የተበደሉ፣ የተጣሉና ጠያቂ ያጡ ልጆች የሚኖሩበት መንደር ነው። የመሠረቱት በአየርላንድ የተወለዱት ካቶሊካዊ ቄስ አባ ኤድዋርድ ፍላናጋን (1886–1948) ናቸው። መንደሩ የራሱ ትምህርት ቤት፣ ፖስታ ቤትና የጸሎት ቤቶች ያሉት ሲሆን፣ ከ1936 ጀምሮ በግዛቲቱ ሕግ ራሱን የቻለ መንደር ሆኖ ታውቋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አጀማመሩ

አባ ፍላናጋን አስቀድመው በኦማሃ ሥራ ላጡና ቤት ለሌላቸው ወንዶች ማደሪያ ከፍተው ነበር። እዚያ የሚያድሩትን ሰዎች ታሪክ እያደመጡ ሲሄዱ፣ የብዙዎቹ መከራ የጀመረው በልጅነታቸው፣ ቤት ሲፈርስና አሳዳጊ ሲጠፋ እንደሆነ ተረዱ። ትልልቆቹን ከወደቁ በኋላ ከማንሳት ይልቅ ልጆቹን ሳይወድቁ መድረስ ይሻላል ብለው ዲሴምበር 12 ቀን 1917 በተበደሩት 90 ዶላር የቤት ኪራይ ከፍለው አምስት ልጆችን ተቀበሉ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የልጆቹ ቁጥር በብዙ እጥፍ ጨመረ።

በዚያ ዘመን ሰርቆ ወይም በየመንገዱ ሲንከራተት ተይዞ ፍርድ ቤት የቀረበ ልጅ የሚጠብቀው የማረሚያ ተቋም ነበር። አባ ፍላናጋን ግን ልጅ ክፉ ሆኖ አይወለድም፣ ክፉ የሚያደርገው ያደገበት ቤትና ያየው አርአያ ነው ብለው አጥብቀው ያምኑ ስለነበር ዳኞች ልጆቹን ለእርሳቸው እንዲሰጧቸው ይለምኑ ነበር። ጥቁርና ነጭ በየፊናው በሚማርበትና በሚበላበት አገር፣ የእርሳቸው ልጆች በዘርም በሃይማኖትም ሳይለያዩ በአንድ ገበታ ይቀመጡ ነበር። ይህ በጎረቤትም በለጋሽም ዘንድ ቁጣ የሚቀሰቅስ ውሳኔ ነበርና፣ ከሥራዎቻቸው ሁሉ ድፍረት የጠየቃቸው ይኸው ይመስለኛል።

በ1921 ከከተማው ወጣ ብሎ ወደሚገኝ የእርሻ መሬት ተዛወሩ። መሬቱ አጥር እንዲታጠርለት አልፈቀዱም፤ የሚሠሩት ቤት እንጂ እስር ቤት አልነበረምና። ከ1926 ጀምሮ ልጆቹ በድምፃቸው ከንቲባና የምክር ቤት አባላት ይመርጣሉ። ምርጫው እስከ ዛሬ ይካሄዳል። በቤቱ ፈቃዱ ሳይጠየቅ ሲገፋ ለኖረ ልጅ ድምፁ መቆጠሩ ቀላል ነገር አይደለም።

የመንደሩ መለያ የሆነው ሐውልት አንድ ልጅ ሌላውን በጀርባው አዝሎ የሚያሳይ ነው። መነሻው በፖሊዮ ምክንያት እግሩ በብረት ድጋፍ የታሰረ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወደ ማሳደጊያው ሲገባ፣ ትልልቆቹ ልጆች ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ እየተፈራረቁ ያዝሉት የነበረ መሆኑ ነው።

ዝናና ትችት

በ1938 የወጣውና በመንደሩ ስም የተሰየመው ፊልም ቦይስ ታውንን በዓለም ዙሪያ አሳወቀ። የአባ ፍላናጋንን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ስፔንሰር ትሬሲ በዚሁ ፊልም የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። በ1946 ቄሱ የትውልድ አገራቸውን አየርላንድን ሲጎበኙ፣ በዚያ በሚገኙ የልጆች ማሳደጊያዎችና ማረሚያዎች የሚፈጸመውን ድብደባ በአደባባይ አወገዙ። የአገሪቱ ባለሥልጣናት ግን ንግግራቸውን አጣጣሉት። ከ60 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ2009 የወጣው የአየርላንድ አጣሪ ኮሚሽን ሪፖርት በእነዚያ ተቋማት ድብደባና የወሲብ ጥቃት ተስፋፍቶ እንደነበር በዝርዝር አረጋገጠ። አባ ፍላናጋን ያንን ቀን ሳያዩ፣ በጦርነት ለተጎዱ ልጆች ጉዳይ በተላኩበት በርሊን በሜይ 1948 በልብ ሕመም ዐርፈዋል።

ከእርሳቸው በኋላ መንደሩ ሰፋ፤ ብዙ መቶ ወንዶች ልጆች በትልልቅ የጋራ መኝታ ቤቶች ይኖሩ ነበር። ገንዘቡም ተከማቸ። በ1972 የኦማሃ ሳምንታዊ ጋዜጦች፣ ድርጅቱ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሀብት ይዞ ሳለ በየዓመቱ ሕዝቡን እርዱኝ እያለ ደብዳቤ እንደሚልክ አጋለጡ። ጋዜጦቹ በዚህ ምርመራ የፑሊትዘር ሽልማት ተሸልመዋል። ጉዳዩ ለመንደሩ አሳፋሪ ቢሆንም ለልጆቹ በጎ ነገር አስከትሏል። የመስማትና የመናገር ችግር ላለባቸው ልጆች ሆስፒታል ተከፈተ፤ የጋራ መኝታ ቤቶቹም በዚያው አሥርት ዓመት በቤተሰብ ቤቶች ተተኩ። ሴት ልጆች ከ1979 ጀምሮ ገብተዋል።

የዕለት ኑሮ

በቤተሰብ ቤቶቹ የተጀመረው አዲሱ አኗኗር በ1960ዎቹ መጨረሻ በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከተዘረጋ ዘዴ የተወሰደ ነው። በእያንዳንዱ ቤት ለዚሁ የሠለጠኑ ባልና ሚስት ከስድስት እስከ ስምንት ከሚሆኑ ልጆች ጋር ይኖራሉ፤ ብዙ ጊዜ የወለዷቸውም ልጆች አብረዋቸው ናቸው። ሠራተኛ በፈረቃ አይለዋወጥም። ማታ ያስተኛ ሰው ጠዋት ቁርስ ያቀርባል፤ ልጆቹም ምግብ ያበስላሉ፣ ቤት ያጸዳሉ፣ የቤት ሥራቸውን ይሠራሉ። በየጊዜው በሚደረግ የቤተሰብ ስብሰባም ስለ ቤቱ ደንብ ሐሳብ ይሰጣሉ።

አዲስ የገባ ልጅ ነጥብ የሚመዘገብበት ካርድ ይይዛል። ለመልካም ሥራ ነጥብ ያገኛል፣ ሲያጠፋ ይቀነስበታል፤ በነጥቡም ስልክ መደወልን ወይም ሽርሽር መሄድን የመሳሰሉ መብቶችን ያገኛል። እየተሻሻለ ሲሄድ ቆጠራው ከዕለት ወደ ሳምንት ይዞራል፤ በመጨረሻም ካርዱ ይቀራል። አሳዳጊዎቹ ከአንድ እርማት ጋር ቢያንስ አራት ምስጋና እንዲያመዛዝኑ ይሠለጥናሉ። ከሚያስተምሯቸው ነገሮች አንዱ «አይሆንም» መባልን መቀበል ነው፦ የተናገረውን ሰው ማየት፣ እሺ ማለት፣ መረጋጋት፣ ቅሬታ ካለ ቆይቶ በጨዋነት መጠየቅ። በሰላም ቤት ላደገ ሰው ይህ ትምህርት የሚያስፈልገው አይመስለውም። ከክልከላ ቀጥሎ ዱላ እንደሚመጣ ያወቀ ልጅ ግን አይሆንም መባልንና መመታትን መለየት የሚማረው እንደ አዲስ ነው።

ነጥቡ ልጁን ለጥቅም ብቻ እንዲታዘዝ ያደርገዋል የሚሉ ተቺዎች አሉ፤ ስጋታቸውም ከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ የዘዴው ጉልበት ያለው ከካርዱ ይልቅ በአሳዳጊዎቹ ጽናት ላይ ነው። ባልና ሚስቱ በአጭር ጊዜ ጥለው ሲሄዱ፣ አንድ ጊዜ የተጣለ ልጅ ዳግመኛ ይጣላልና።

በሌላ በኩል ዘመኑ ራሱ ከማሳደጊያ ተቋም እየራቀ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2009 ባጸደቀው መመሪያ ለቤተሰብ እንክብካቤ ቅድሚያ ሰጥቷል። በ2018 የወጣ የአሜሪካ ሕግም የፌዴራል መንግሥት ለተቋም እንክብካቤ የሚከፍለውን ገንዘብ፣ ልዩ ሕክምና ከሚሰጡ ማዕከሎችና ከጥቂት ሌሎች በስተቀር፣ በሁለት ሳምንት ገድቧል። ቦይስ ታውንም ከመንደሩ ኑሮ ጎን ለጎን ባለሙያዎቹን ወደ ቤተሰቦች ቤት እየላከ፣ ልጆች ከወላጆቻቸው ሳይለዩ የሚረዱበትን አገልግሎት ይሰጣል።