አያምኑኝም ብለው የፈሩ ሁለት ተጓዦች

በማይሶር ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር ነው፤ ከሁለት አበሻ ጓደኞቼ ጋር የሌሊት ባቡር ይዘን ጠዋት ሆሳፔት ወረድን። ከዚያ ሐምፒ ቅርብ ናት፤ በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው።

ሐምፒ እ.ኤ.አ. በ1336 ገደማ በቱንጋባድራ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች የቪጃያናጋር መንግሥት መናገሻ ነበረች። ማታንጋ ኮረብታ ላይ ወጥተን ስናይ ዙሪያው የግራናይት ቋጥኝ፣ የሙዝ እርሻና የፈረሰ አምድ ነው። በ1520 ገደማ ፖርቱጋላዊው ዶሚንጎ ፓይስም ኮረብታ ላይ ወጥቶ ከተማዋን በስፋት ከሮም ጋር አስተካክሏታል። የሕዝቡን ብዛት ግን ተረት ይመስላል ብሎ ሳይጽፈው ቀረ።

የታሪክ ክፍል ልጆች፣ አልቫሬዝን ለፈተና ብለን ያነበብነውን ታስታውሳላችሁ? እሱም በዚያው በ1520 ኢትዮጵያ ገብቶ፣ ስለ ላሊበላ ከዚህ በላይ ብጽፍ አያምኑኝም ያለ ሰው ነው። የአንድ አገር ሰዎች፣ በአንድ ዘመን፣ በሁለት የድንጋይ ሥራ ፊት አንድ ፍርሃት ያዛቸው።

የሁለቱ ቦታዎች ዕጣ ግን ተለያየ። በ1565 የደከን ሱልጣኖች ተባብረው በታሊኮታ ጦርነት ድል ሲያደርጉ፣ ከንጉሣውያኑ የተረፉት ሀብታቸውን ጭነው ሸሹ። ከተማዋ ተዘረፈች፣ ባዶዋን ቀረች። ዛሬ ከቤተ መንግሥቱ የቀረው መሠረቱ ነው። በቪታላ ቤተ መቅደስ የድንጋዩ ሠረገላ ቆሟል፤ የሚሳለመው ግን የለም፣ ጎብኚ ፎቶ ይነሣበታል።

ቪሩፓክሻ የሚባለው የሺቫ ቤተ መቅደስ ሌላ ነው። ጫማችንን አውልቀን ገባን። ደወል ይደወላል፤ እናቶች አበባና ኮኮናት ይዘው ተሰልፈዋል፣ ልክ እንደኛ አገር ንግሥ። ከመንግሥቱ በፊት ነበረ፣ መንግሥቱ ሞቶም አለ። ያቆየው ምእመኑ ነው።

ዩኔስኮ ሐምፒን በ1986 መዘገባት። በ2011 ደግሞ ከቪሩፓክሻ ፊት ለፊት፣ በጥንቱ ገበያ አምዶች መካከል ይኖሩና ይነግዱ የነበሩ ሰዎች ለቅርሱ ጥበቃ ተብሎ ቤታቸው ፈረሰ። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ጥንታዊ አምድ ላይ ግድግዳና ሱቅ ሲለጠፍ ድንጋዩ ይጎዳል። በላሊበላም ከአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ የነበሩ ነዋሪዎች ተነሥተዋል። ግን ሐምፒ ያስተማረችኝ አንድ ነገር አለ፤ ሰው የለቀቀው ፈርሷል፣ ሰው ያልለቀቀው ቆሟል።

ቅርስ ጥበቃ የምታስተምሩ ወዳጆቼ፣ ለድንጋዩ ብለን ሰዉን ካራቅነው፣ ነገ ድንጋዩን ማን ይጠብቀዋል? በመገናኛችን ዕለት ከቡናው ጋር ብንከራከርበት ደስ ይለኛል።