በተማሪውና በቀበሌው መካከል የቆመው ሰው

ታሪካችን ዘማቹን ያስታውሳል፣ መምህሩን ያስታውሳል፣ ተማሪውንማ ተዘፍኖለታል። አንድ ሰው ግን ሁልጊዜ ይረሳል። ተማሪውን ከግቢ አውጥቶ ገጠር የሚያደርሰው፣ ማደሪያ የሚለምንለት፣ ከቀበሌው ጋር የሚያግባባው፣ ሲመለስም "ምን ተማርክ?" ብሎ የሚጠይቀው ሰው። በኮሌጅ ቋንቋ "አስተባባሪ" ይባላል። ዛሬ ስለሱ ልጻፍ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከ60 ዓመት በፊት ነው። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም አገሪቱ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ክፉኛ ያጥራት ነበር። ክፍተቱን ይሸፍኑ ከነበሩት ብዙዎቹ የውጭ ዜጎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ብቻ ከ270 በላይ አሜሪካውያን የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች መጥተዋል። ታዲያ በ1956 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው አንድ ትልቅ ውሳኔ ወሰነ። ማንኛውም ተማሪ ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ ያገልግል ተባለ። ስሙም "የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት" ሆነ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው ትምህርቱን አቋርጦ ይወጣል፣ አብዛኛው ያስተምራል፣ ዓመቱን ጨርሶ ተመልሶ ይመረቃል።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። በአሜሪካ "በአገልግሎት መማር" የሚለው ስያሜ ራሱ ብቅ ያለው እ.ኤ.አ. በ1966 እና 67 ገደማ ነው። የእኛዎቹ ስሙ ሳይወጣለት ሥራውን ጀምረውት ነበር። በዚያው ዘመን እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ዴቪድ እና ፍራንሲስ ኮርተን እ.ኤ.አ. በ1966 ስለዚሁ ፕሮግራም ጥናት አሳትመዋል። ዓለም ሊማርበት የመጣበት ነገር ነበር ማለት ነው።

ግን አንድ የአዲስ አበባ ልጅ የየጁ አውራጃ ዋና ከተማ እንደነበረችው ወልድያ ወዳለ ከተማ ሲመደብ እንዲያው በአየር ላይ አይደርስም። ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር የሚጻጻፍ፣ ከርእሰ መምህሩ ጋር የሚነጋገር፣ አበሉ ሲዘገይ የሚጮህለት፣ ታሞ እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። የአገልግሎቱ ጥንካሬ ይህንን የሚሠራ ጽሕፈት ቤት ያለው መሆኑ ነበር። አንድ ዓመት ረጅም ነው። ተማሪው የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ ሠፈሩን ያውቃል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ የተማሪዎቹን ወላጆች ኑሮ ያያል።

ያየውን ደግሞ ይዞ ይመለሳል። ስለ ተማሪው ንቅናቄ የጻፉ የታሪክ ምሁራን ይህ የአገልግሎት ዓመት የዩኒቨርሲቲውን ጥያቄ ወደ ክፍለ ሀገር ትምህርት ቤቶች፣ የክፍለ ሀገሩን ኑሮ ደግሞ ወደ ዩኒቨርሲቲው እንዳመጣ ይናገራሉ። በ1965 ዓ.ም. ረሃቡ ወሎን ሲፈጅ መንግሥት ዝም ባለበት ሰዓት የዩኒቨርሲቲው መምህራን ራሳቸው ወሎ ወርደው ፎቶ አንስተው ተመለሱ፤ ፎቶዎቹም ግቢ ውስጥ ለዕይታ ቀረቡ። የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው ከወራት በኋላ፣ በጥቅምት 1966 ነው። የሟቹ ቁጥር ዛሬም ያከራክራል፤ ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይገመታል። መጀመሪያ እውነቱን ግቢው ውስጥ ያስገባው ግን ሄዶ ያየ ሰው ነው።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተከፈተ። ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ዘመቱ። የዩኒቨርሲቲው አገልግሎትም በዚሁ አበቃ። ላይ ላዩን ሲታይ ያው ነው፣ ተማሪ ገጠር ይወርዳል። ውስጡ ግን ሌላ ነበር። ዘመቻው የሚመራው በወታደር መኮንን ነው፤ ትእዛዝ ከላይ ይወርዳል። ሦስት ወር ሳይሞላው ደግሞ የካቲት 25 የመሬት አዋጁ ታወጀ፤ ፊደል ሊያስቆጥር የሄደው ልጅ በባላባቱ፣ በፖሊሱና በገበሬው መሀል ራሱን አገኘው። ብዙ ቁም ነገር ተሠርቷል፣ ማኅበር ተደራጅቷል፣ ፊደል የቆጠረ ገበሬ አለ። የሞተም አለ፣ ጣቢያውን ጥሎ የጠፋም አለ። ልጁ ጭንቅ ውስጥ ሲገባ ከአካባቢው ጋር የሚያደራድርለት ሰው በየቦታው አልነበረም። ያዘዘው ብዙ ነው፣ ያስተባበረው ጥቂት።

አሁን ወደ እኛ ሠፈር ልምጣ። እኔ እዚሁ ሰሜን ወሎ፣ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ተማሪ ወደ ሥራ ቦታ የመላክ ሥራ ላይ ጥቂት ዓመት ቆይቻለሁ። መርሳ ላይ የግብርና ኮሌጅ አለ፣ ሲሪንቃ የምርምር ማዕከል አለ፣ ወልድያ ላይ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲ አለ። በሙያ ኮሌጆቻችን የትብብር ሥልጠና በሚባለው አሠራር 70 በመቶው በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶው ኮሌጅ ውስጥ እንዲሆን ይጠበቃል። ሃሳቡ ሸጋ ነው። ያ 70 በመቶ ግን በማን ትከሻ ላይ እንዳለ የሚጠይቅ የለም።

አስተባባሪው የትብብር ደብዳቤ ያጽፋል፣ ማኅተም ያስመታል፣ በባጃጅ ወይ በእግሩ ቀበሌ ለቀበሌ ይዞራል። ለሊቀ መንበሩ "እነዚህ ልጆች ሊረዱ ነው የመጡት፣ ሊመረምሩህ አይደለም" ብሎ ያስረዳል። ለሴት ተማሪዎች ደኅና ማደሪያ ይፈልጋል። የእርከን ሥራ ላይ የዋለን ልጅ ማታ ቁጭ አድርጎ "ገበሬው ለምን እንዲህ አደረገ? አንተ ብትሆንስ?" ብሎ ይጠይቃል። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ካልተጠየቀ አገልግሎቱ የጉልበት ሥራ ብቻ ነው የሚሆነው። ይህን ሁሉ የሚሠራው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ የማስተማር ክፍለ ጊዜ ይዞ፣ ያለ ውሎ አበል ነው። አቅም ሲያጣ ሥራው ወደ ወረቀት ይወርዳል፤ ልጁ ቤቱ ተቀምጦ ፎርሙ ተፈርሞ ይመጣል።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያዎቹን የሰላም ጓድ አባላት ኢትዮጵያ ውስጥ የመሩት ሃሪስ ዎፎርድ ኋላ አገራቸው ተመልሰው የብሔራዊ አገልግሎት ተቋሙን መርተዋል። ያ ተቋም በአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ጭምር በአገልግሎት መማርን በገንዘብ ይደግፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ኮንግረሱ ያንን በጀት ሰረዘው። በድጎማ የተቀጠረ አስተባባሪ ድጎማው ሲቆም ወንበሩም አብሮ ይሄዳል። ሀብታም አገርም መጀመሪያ የሚቆርጠው ይህንን ሰው ነው።

የእኛው ግን ይከብዳል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያ በጦርነት እጅ ነበረች፤ ዩኒቨርሲቲውም ተዘረፈ። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ነው። ዛሬ ከመርሳ ወጣ ብሎ ወዳለ ቀበሌ ተማሪ መላክ የትምህርት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የእናት አደራ ነው። ያቺን መንገድ ነገ ጠዋት ትከፈታለች ወይ ብሎ ስልክ የሚደውለው፣ "ልጆቹ ይቆዩ" ወይም "ይሂዱ" የሚለው ያው አስተባባሪ ነው። ደመወዝ ስለዚህ ውሳኔ አይከፈለውም። ውሳኔው ከከፋ ግን ስሙ እሱ ነው የሚጠራው።

ስለዚህ የምለው አንድ ነገር ነው። ኮሌጆቻችን እንደገና ሲጠገኑ ወንበርና ኮምፒውተር ብቻ አይቆጠር። ጊዜ ያለው፣ አበል ያለው፣ "አይሆንም" የማለት ሥልጣን ያለው አስተባባሪም ይቆጠር። በ1957 ዓ.ም. ለዚህ ሥራ ጽሕፈት ቤት ማቆም ከቻልን ዛሬ አንድ ሰው ነጻ ማድረግ አያቅተንም።

በዚያ ዘመን ከዩኒቨርሲቲ መጥቶ ወልድያ፣ መርሳ፣ ውርጌሳ ወይም ሌላ የወሎ ከተማ ያስተማራችሁ ሰው ካለ፣ ወይም አባት እናቶቻችሁ ካወሩላችሁ፣ ምን ይመስል እንደነበር ጻፉልኝ። ማን እንዳስተማራቸው ብቻ ሳይሆን ቤት ማን እንደፈለገለት፣ ማን ከርእሰ መምህሩ ጋር እንዳስተዋወቀውም ጠይቋቸው። እነዚያ አዛውንቶች እያለፉብን ነው።

አብሽሩ።