በገድለ ወለተ ጴጥሮስ የነፍስ ዕረፍት ፍለጋ

ገድል በሚነበብበት ጊዜ ዓይን የሚያርፈው አብዛኛውን ጊዜ ተአምሩ ላይ ነው። ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1672 በግዕዝ የጻፈው ገድለ ወለተ ጴጥሮስ ግን ሌላም ጥያቄ ያነሣል፤ ነፍስ ዕረፍቷን የምታገኘው ከሰው ርቃ ነው ወይስ ከሰው ጋር?

ወለተ ጴጥሮስ (1592–1642) ከመኳንንት ወገን ተወልዳ የአፄ ሱስንዮስን ባለሥልጣን መልክአ ክርስቶስን አገባች። የወለደቻቸው 3 ልጆች በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ እምነት ባዘነበለበት ዘመን ባሏንና ሀብቷን ትታ መነኮሰች። የተመኘችው ብሕትውናን ስለ ነበር ዋልድባ ገባች። ይሁን እንጂ ከዚያ ወደ ጠለምት ተሻግራ ሕዝቡ በቀደመው ሃይማኖቱ እንዲጸና ማስተማር ጀመረች። በዚህም ምክንያት ንጉሡ ፊት ቀርባ ወደ ዠበይ በረሃ ለ3 ዓመት ተጋዘች።

የታሪኩ መታጠፊያ እዚህ ላይ ነው። ክርስቶስ ተገልጾ ብዙ ነፍሳት ወደ እሷ እንደሚሰበሰቡ በነገራት ጊዜ፣ ሸክሙን ፈርታ ልታመነታ እንደ ሞከረች ገድሉ ይተርካል። ሆኖም ከመሠረተቻቸው 7 ማኅበራት የመጀመሪያው የተተከለው በዚያው በግዞት ምድር ነው።

ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1632 የቀደመውን ሃይማኖት መለሰ፤ ፋሲለደስም በ1636 ጎንደርን ቈረቈረ። የወለተ ጴጥሮስ ማኅበራት በጣና ዙሪያ የተስፋፉት በዚህ ዘመን ነው። እንግዲህ የገድሉ መልስ ግልጽ ነው፤ ለብቻዋ የፈለገችውን ዕረፍት ያገኘችው የሌሎችን ሸክም በመሸከም ነው።