ልጆቻችን የተማሩትን ለምን ይረሳሉ?

የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የእህቴ ልጅ በቅርቡ ቤቴ መጥታ ደብተሯን አገላበጥኩ፡፡ በአካባቢ ሳይንስ ፈተና ከ10 ዘጠኝ አግኝታለች፡፡ ደስ ብሎኝ ከጥያቄዎቹ አንዱን፣ የዕፅዋት ክፍሎችን እንድትነግረኝ ጠየቅኋት፡፡ ጣሪያ ጣሪያውን ስታይ ከቆየች በኋላ፣ «ጋሼ፣ እሱን እኮ ተፈትነን ጨርሰናል» አለችኝ፡፡

ፈተናው ከተሰጠ ገና አንድ ወር አልሞላውም ነበር፡፡ ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም፤ ከፈተናው በፊት በነበረው ምሽት ማስታወሻዋን ደጋግማ ስታነብ እንዳመሸች እናቷ ነግራኛለች፡፡ ታዲያ ያ ሁሉ ንባብ የት ገባ? የተማርኩት ሕግ ቢሆንም፣ ይህ ጥያቄ ስለ አእምሮና ስለ ትውስታ የተጻፉ ጥናቶችን እንዳገላብጥ አስገደደኝ፡፡ ካገኘሁት ውስጥ ለወላጅና ለመምህር ይጠቅማል ያልኩትን እነሆ፡፡

መያዝና ማኖር ይለያያሉ

ሄንሪ ሞላይሰን የተባለ አሜሪካዊ የሚጥል በሽታው እንዲቀንስለት እ.ኤ.አ. በ1953 የአንጎል ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፡፡ ሐኪሙ ከግራና ከቀኝ አንጎሉ ሂፖካምፐስ የሚባለውን ክፍል አብዛኛውን ቆርጦ አወጣ፡፡ ሰውየው ከዚያ በኋላ የልጅነቱን ነገር ያስታውሳል፤ የተነገረውን ቁጥርም ለአፍታ ይይዛል፡፡ ነገር ግን ከደቂቃዎች በፊት ያገኘውን ሰው አያውቀውም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2008 እስኪሞት ድረስ ተመራማሪዎች ከእሱ ብዙ ተማሩ፡፡ ዋናው ትምህርት፣ አንድን ነገር ለጊዜው በጭንቅላት መያዝና ለዘለቄታው ማኖር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው ነው፡፡ በፈተና ዋዜማ የሚሸመድድ ልጅ ነገሩን ይዞት ሊያድር ይችላል፤ አኑሮታል ማለት ግን አይደለም፡፡

ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ደግሞ ትርጉም የለሽ ክፍለ ቃላትን ራሱ እያጠና ምን ያህሉን እንደሚረሳ ለክቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመ፡፡ መርሳት የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ ይቀንሳል፡፡ በአንድ ጊዜ ከሚደረግ ረዥም ጥናት ይልቅ በተለያዩ ቀናት የተከፋፈለ ጥናት እንደሚጸና ያስተዋለውም እሱ ነው፡፡ በእኛ ቋንቋ፣ በአንድ ምሽት 30 ደቂቃ ከማጥናት በሦስት ቀን አሥር አሥር ደቂቃ ማጥናት ይሻላል፡፡ ጊዜው እኩል ነው፤ ውጤቱ ግን እኩል አይደለም፡፡

ደጋግሞ ማንበብ ወይስ ደጋግሞ መጠየቅ?

እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለኮሌጅ ተማሪዎች አጫጭር ጽሑፎች ሰጡ፡፡ ከፊሎቹን ጽሑፎች ተማሪዎቹ ሁለት ጊዜ አነበቡ፡፡ ከፊሎቹን ግን አንድ ጊዜ ካነበቡ በኋላ ጽሑፉን ሳያዩ የሚያስታውሱትን ጻፉ፡፡ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ሁለት ጊዜ ያነበቡትን 81 በመቶ፣ ሳያዩ የጻፉትን ደግሞ 75 በመቶ አስታወሱ፡፡ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ሁለት ጊዜ የተነበበው 42 በመቶ፣ አስታውሰው የጻፉት 56 በመቶ ሆነ፡፡ ተመሳሳይ ውጤት ከዚያ ወዲህ በአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችም ታይቷል፡፡ ከራስ አውጥቶ መናገር ራሱ ትውስታን ያጠነክራል ማለት ነው፡፡

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የቄስ ትምህርት ቤት ነው፡፡ እዚያ «ሀ ሁ»ን በዜማ የወረደ ልጅ ፊደል ቆጠረ ተብሎ አይለቀቅም፤ ተራውን ሸምድዶ ሊሆን ይችላልና፡፡ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን የሚያዘበራርቅ «አቡጊዳ» ይመጣበታል፡፡ ትናንት የተማረውንም በቃሉ ካላሰማ ወደሚቀጥለው አይሻገርም፡፡ የኔታ ስለ ሂፖካምፐስ አያውቁም፤ ደጋግሞ መጠየቅን ግን ያውቁበት ነበር፡፡ እርግጥ ትርጉሙን ሳያውቁ መድገምና አለንጋው የዚያ ትምህርት ጉድለቶች ነበሩ፡፡ እኛ ግን ጥሩውን ጥለን ሽምደዳውን ያስቀረን ይመስለኛል፡፡

ጠባቡ በር

የሰው ልጅ በአንድ ጊዜ በጭንቅላቱ ይዞ ሊሠራበት የሚችለው ነገር ጥቂት ነው፤ የልጅ ደግሞ ከአዋቂም ያንሳል፡፡ ፊደል እየቆጠረ የሚያነብ ልጅ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያውን ይረሳዋል፡፡ ሔለን አባድዚ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ባንክ ባሳተሙት መጽሐፍ አጥብቀው የተከራከሩት በዚሁ ጉዳይ ነው፤ ድሃ አገሮች ከሁሉ አስቀድመው ልጆቻቸው ሳይንገዳገዱ እንዲያነቡ ማድረግ አለባቸው ይላሉ፡፡

ነገሩ እኛን በቀጥታ ይመለከታል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በተደረገ የንባብ ምዘና የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም፡፡ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ሁላችንም ደነገጥን፡፡ መንስኤው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ሁለተኛ ክፍል ላይ ማንበብ ያልቻለ ልጅ 12ኛ ክፍል ላይ ተአምር ሊሠራ አይችልም፡፡

እንቅልፍና ፍርሃት

አእምሮ ቀን የተማረውን የሚያጸናው በአብዛኛው በእንቅልፍ ጊዜ ነው፡፡ ከስድስት እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት እንዳለበት የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 አሳስቧል፡፡ ሰርቪስ ለመጠበቅ በንጋት የሚነሱትን፣ ማታ ደግሞ ከአስጠኚ ጋር የሚያመሹትን የአዲስ አበባ ልጆች እዚህ ላይ ማሰብ ነው፡፡

የፍርሃትም ነገር አለ፡፡ ጭንቀት ሲበረታ ልጁ ሊያስብበት የሚገባው ጠባብ ቦታ በፍርሃት ይያዛል፤ የሚያውቀውም ይጠፋበታል፡፡ የተመታ ልጅ ዱላውን አይረሳም፤ የሚረሳው ትምህርቱን ነው፡፡ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል፡፡ ሕጉና ሳይንሱ እዚህ ላይ ተስማምተዋል፤ ያልተስማማው ልማዳችን ነው፡፡

ከሳይንስ ስም እንጠንቀቅ

በአእምሮ ጥናት ስም የሚሸጥ ሁሉ እውነት አይደለም፡፡ ልጆችን «በማየት የሚማር»፣ «በመስማት የሚማር» እያሉ ከፋፍሎ በዚያው መንገድ ማስተማር ውጤት እንደሚያሻሽል በቂ ማስረጃ አለመኖሩን እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ሰፊ ግምገማ አሳይቷል፡፡ ከአእምሯችን የምንጠቀመው አሥር በመቶውን ብቻ ነው የሚባለውም ተረት ነው፡፡ ይህን እየጠቀሰ ተጨማሪ ክፍያ የሚጠይቅ ትምህርት ቤት ካጋጠማችሁ ማስረጃ ጠይቁት፡፡

የሚሠራው ነገር ርካሽ ነው፡፡ መምህሩ ክፍለ ጊዜውን ሲጀምር ያለፈውን ሳምንትና ያለፈውን ወር ትምህርት ማርክ በሌላቸው ሦስት ጥያቄዎች ይጠይቅ፡፡ ወላጅ «አጥንተሃል ወይ?» ከማለት ደብተሩን ዘግቶ «እስቲ ንገረኝ» ይበል፡፡ ልጁ ሲሳሳት ወዲያው ይታረም፤ አይሰደብ፡፡ በጊዜም ይተኛ፡፡

የእህቴን ልጅ አሁን በመጣች ቁጥር ያለፈውን እጠይቃታለሁ፡፡ «ጋሼ ደግሞ፣ አሁንም ዕፅዋት?» ትላለች፡፡ ቢሆንም ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠል እያለች ትቆጥርልኛለች፡፡ ተፈትኖ ያለቀ ትምህርት እንደሌለ ልጆቹ የሚረዱት እኛ ትልልቆቹ መጠየቃችንን ካላቋረጥን ነው፡፡