ፎቶግራፉ ላይ ያለው ማነው?

ዛሬ የዳሞት ሶሬ ወረዳ ማዕከል በሆነችው በጉኑኖም እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል የቤተሰብ ታሪክ በአንድ መስታወት ሥር ተደርድሮ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከፎቶግራፎቹ አንዱ ኮት የለበሰ፣ የእጅ ሰዓቱ እንዲታይለት እጅጌውን ሰብሰብ ያደረገ ጎልማሳ ነው እንበል። የልጅ ልጆቹ «አያታችን ነው» ይላሉ። ትልቋ አክስት «የለም፣ ወንድሙ ነው» ይላሉ። ከጀርባው «ለማስታወሻ፤ ተስፋዬ» ተብሎ ተጽፏል። በዚያ ቤት ግን ተስፋዬ የተባለ ሰው አይታወቅም።

ታዲያ ተስፋዬ ማነው?

ወላይታ በ1887 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ጦር ተሸንፎ ንጉሡ ጦና ከተማረከ ወዲህ የችሎቱ፣ የመዝገቡና በኋላም የትምህርት ቤቱ ቋንቋ አማርኛ ሆነ። ክርስትና ሲነሣ፣ ትምህርት ቤት ሲገባ ወይም ወታደር ቤት ሲቀጠር አዲስ ስም የወጣለት ብዙ ነው። የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ከ1920ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ሲገቡ ደግሞ የመጽሐፍ ቅዱስ ስሞች ተጨመሩ። እናም አንዱ ሰው ለእናቱ ጎቤ፣ ለመዝገቡ ተስፋዬ ሆኖ ይኖር ነበር። ፎቶግራፍ የሚነሣውም በአብዛኛው ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለሥራ ጓደኛ፣ ማለትም ተስፋዬ ለሚባልበት ዓለም ነው። ጎቤን የሚያውቁት ቤት የቀሩት ናቸው። በነገራችን ላይ የ1887ቱን ዘመቻ ቫንደርሄይም የሚባል ፈረንሳዊ ካሜራ ይዞ ተከትሎት ነበር፤ ያየውንም እ.ኤ.አ. በ1896 በፓሪስ በመጽሐፍ አሳትሟል። ወላይታ ከካሜራ ጋር የተገናኘችው ስሟን ሌላው እየጻፈላት ነው ማለት ይቻላል።

ስሙን እዚህ ላይ እናቆየውና ዘመኑን እንፈልግ። መልክ ማመሳሰል ከሁሉ የከፋው ዘዴ ነው፤ አባትና ልጅ፣ ወንድምና ወንድም በሠላሳ ዓመታቸው አንድ ይመስላሉ። ዘመኑ ከታወቀ ግን በዚያ ዓመት ሠላሳ ዓመት የሆነው ማን እንደነበር መቁጠር ይቻላል።

ከጀርባው ማኅተም ካለ ከዚያ መጀመር ይበጃል። «ሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት፣ ወላሞ አውራጃ» የሚለው የንጉሡ ዘመን ነው። «ወላይታ አውራጃ» እና «ክፍለ ሀገር» ከአብዮቱ በኋላ ናቸው። «ሰሜን ኦሞ» ከ1980 ዓ.ም. እስከ 1993 ዓ.ም. ይዘልቃል፤ «ወላይታ ዞን» ከዚያ ወዲህ ነው። ማኅተም ግን እስኪያልቅ ድረስ ይመታል፤ አሮጌ ማኅተም አዲስ ዘመን ላይ ቢገኝ አይገርምም።

ቁጥሩ ራሱ ወጥመድ አለው። «1967» የሚል ቢገኝ በኛ አቆጣጠር ንጉሡ ከዙፋን የወረዱበት ዓመት ነው፤ በፈረንጅ ከሆነ ግን 1959 ወይም 1960 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ጃንሆይ በዙፋናቸው ላይ ነበሩ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ሁለቱንም ሊጽፍ ይችላል። ቁጥሩ በግዕዝ ከተጻፈ ወይም አጠገቡ «ጥቅምት»፣ «ጥር» የሚል ካለ ግን ጥርጣሬው ይቀንሳል።

ልብስ ብዙ አያስረዳም። ፎቶ ቤት ኮትና ጫማ እያዋሰ ያነሣ ስለነበር ኮቱ የባለፎቶ ቤቱን ዘመን እንጂ የሰውየውን ኑሮ አይናገርም። የወላይታ ዱንጉዛም በጥቁርና ነጭ ፎቶ ያታልላል፤ ቀይ ቀለም የማይቀበለው የጥንቱ ፊልም ቀዩን ጥለት ጥቁር አድርጎ ያወጣዋል።

ይልቅ ከሰዎቹ ጀርባ ያለውን አስተውሉ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ወላይትኛ በላቲን ፊደል ከተጻፈ ፎቶው ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነው፤ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወላይትኛ የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበርና። ለጉኑኖ ደግሞ መሬቱ ራሱ ይመሰክራል። በ1970ዎቹ አጋማሽ በስዊዘርላንድ ድጋፍ የሚካሄደው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ከመረጣቸው ጥቂት ጣቢያዎች አንዷ ጉኑኖ ነበረች። ከሰዎቹ ኋላ ባለው ማሳ ላይ መስመር ጠብቆ የተሠራ እርከን ከታየ ፎቶው ከዚያ ወዲህ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ወደ ሽማግሌዎች መሄድ የሚገባው፤ ግን ለየብቻቸው። አንድ ላይ ከተቀመጡ ድምፁ የጎላው ሁሉንም ያሳምናል። «ይህ ጎቤ ነው?» ብሎ መጠየቅም መልሱን አስቀድሞ መስጠት ነው። «ይህ ግቢ የማን ነው? ያ ዛፍ የት ነበር?» ቢባል ይሻላል። በወላይታ ደግሞ አንድ የሚጠቅም ጥያቄ አለ፤ ቆሞው፣ ማለት ጎሳው፣ ምንድን ነው? ስም ሲቀየር ቆሞ አይቀየርም፤ ሁለቱ ተስፋዬዎችም የሚለዩት በዚሁ ነው።

ችኮላው ብዙ ያስከፍላል። ከዘመቻ ሳይመለስ የቀረ ወንድም ፎቶ ላይ የሌላ ስም ከተጻፈ አንዱ ሟች የማያውቀውን ፊት ያገኛል፤ ሌላው የነበረውን ያጣል። ልጆቹም የሚያምኑት የተጻፈውን ነው።

መስታወት ላይ የተጣበቀውን ፎቶ ለማላቀቅ መታገል አያስፈልግም፤ እዚያው እንዳለ ሌላ ፎቶ ያንሡት። የተላቀቀው ላይ ደግሞ በእስክሪብቶ ሳይሆን በለስላሳ እርሳስ፣ ሳይጫኑ፣ የቀድሞውን ጽሑፍ ሳይሰርዙ ከሥሩ እንዲህ ይጻፍበታል፦ «ጎቤ፤ የትምህርት ቤት ስሙ ተስፋዬ። ጉኑኖ፤ ከ1955 እስከ 1960 ዓ.ም. ባለው ጊዜ። የነገሩን ትልቋ አክስት ናቸው፤ ታናሹ አጎት ግን ወንድሙ ነው ይላሉ።»